የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለባርድ ድግምት ስንመርጥ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው የጠረጴዛ ላይ የትወና ጨዋታ ውስጥ ስለሚገኘው ባርድ፣ ማለትም በዜማና በንግግር አስማት ስለሚሠራው ገጸ ባሕርይ፣ የተላኩልን ናቸው። መልሶቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ደንብ ላይ የተመሠረቱ ሲሆን፣ የ2024ቱ ማሻሻያ ልዩነት ባመጣባቸው ቦታዎች ይህንኑ እንጠቅሳለን። እንዳያደናግር የገጸ ባሕርዩን ዕድገት «ደረጃ»፣ የድግምቱን ክብደት ደግሞ «እርከን» እያልን እንጠራለን።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ይህን ጨዋታ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ቡድናችን አንድ ተዋጊ፣ አንድ ሮግ (በስውር የሚያጠቃ)፣ አንድ ዊዛርድ (ከመጽሐፍ የሚደግም አስማተኛ) እና እኔ ነን፤ ፈዋሽ የለንም። ለአንደኛ ደረጃ ባርዴ «ፌሪ ፋየር»፣ «ቤን»፣ «ሂሮይዝም» እና «ሂዲየስ ላፍተር» የተባሉትን ድግምቶች መርጫለሁ፤ ካንትሪፖቼ፣ ማለትም ያለ ገደብ የሚደገሙት ቀላል ድግምቶቼ፣ «ቪሸስ ሞከሪ» እና «ማይነር ኢሉዥን» ናቸው። አራቱም ድግምቶች ብዙ ተጫዋቾች የሚያመሰግኗቸው ናቸው፤ በመጀመሪያው ውጊያ ግን አንዱን ደግሜ ሌላውን ስጨምር የፊተኛው ጠፋብኝ። ጥፋቱ የምርጫዬ ነው ወይስ የአጠቃቀሜ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመረጧቸው ድግምቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ችግር የሆነው አራቱን በአንድነት መያዝዎ ነው። አራቱም ትኩረት የሚጠይቁ ድግምቶች ናቸው፤ ትኩረት የሚጠይቅ ድግምት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጸንቶ ሊቆይ አይችልም፤ ሁለተኛውን በደገሙበት ቅጽበት የመጀመሪያው ይፈርሳል። በዚህ ላይ ጉዳት በደረሰብዎ ቁጥር ትኩረትዎን ለማቆየት በኮንስቲትዩሽን (በሰውነት ጥንካሬ) ዳይስ መጣል ይኖርብዎታል፤ ማለፊያው ቁጥር 10 ወይም የደረሰብዎ ጉዳት ግማሽ ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አራት ድግምት ያላት ባርድ በውጊያ መካከል ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ቀስት ሊቋረጥ ይችላል።

ይህ በሌላ ገጸ ባሕርይ ላይ ቢደርስ በማግሥቱ ይስተካከላል። ክሌሪክ የተባለው የእምነት አስማተኛ ዕረፍት ባደረገ ቁጥር ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ከረጅም ዝርዝር ይመርጣል፤ ባርድ ግን የተማረውን ይዞ ይዘልቃል። በአንደኛ ደረጃ አራት ድግምት ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በየደረጃው አንድ እየጨመረ፣ ከቀድሞዎቹም አንዱን ብቻ የመለወጥ ዕድል እያገኘ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ባርድ ሲመረጥለት ሊጠየቅ የሚገባው «የትኛው ድግምት ይበረታል?» ሳይሆን «ይህ ድግምት ሌሎቹ የማይደርሱለትን የትኛውን ጊዜ ይሸፍንልኛል?» የሚለው ነው ብለን በጽኑ እናምናለን።

ከአራቱ አንዱን ያስቀሩ ብንባል «ፌሪ ፋየር»ን እናስቀራለን። በእያንዳንዱ ጎኑ 20 ጫማ በሆነ ቦታ ውስጥ ያሉና ድግምቱን ያልተቋቋሙ ፍጡራን በብርሃን ይከበባሉ፤ የሚያጠቃቸውም ሁሉ፣ እነሱን ማየት እስከቻለ ድረስ፣ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ጓደኛዎ ለመምታት 11 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ቢሆን፣ በተለመደው መንገድ ያለው ዕድል 50 በመቶ ነው፤ በ«ፌሪ ፋየር» 75 በመቶ ይሆናል። ሮጓችሁ ደግሞ በዚሁ ጥቅም ምክንያት የስውር ጥቃት ጉዳቱን ለመጨመር ሌላ ምክንያት መፈለግ አይኖርበትም። «ሂሮይዝም» የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው፤ «ቤን» እስከ ሦስት ጠላት ያዳክማል፤ ይህኛው ግን መላው ቡድንዎ ባደረገው ጥቃት ሁሉ ላይ ይሠራል። ቡድናችሁ ብዙ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ጠላት ጋር ብቻ የሚገጥም ከሆነ «ሂዲየስ ላፍተር» ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን አብሮ መያዝም ነውር የለበትም። ሦስተኛና አራተኛ ሲጨመር ግን ቦታ ማባከን ይሆናል።

ፈዋሽ ለሌለው ቡድን «ሂሊንግ ወርድ» የግድ ነው። ብዙ ጀማሪዎች «ኪዩር ውንድስ» የበለጠ ስለሚፈውስ እሱን ይወስዳሉ፤ በ2014ቱ ደንብ ልዩነቱ ግን በአማካይ ሁለት የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው። ካሪዝማዎ (የባርድ ድግምት የሚመካበት ችሎታ) 16 ቢሆን «ሂሊንግ ወርድ» በአማካይ 5.5፣ «ኪዩር ውንድስ» ደግሞ 7.5 ይመልሳል። ለዚህ ጥቂት ብልጫ ሲባል የሚከፈለው ብዙ ነው፦ «ኪዩር ውንድስ» ሙሉ ድርጊት ይወስዳል፣ የወደቀው ጓደኛ አጠገብ ደርሶ መንካትንም ይጠይቃል። «ሂሊንግ ወርድ» በቦነስ አክሽን፣ ማለትም በተራው ውስጥ ከዋናው ድርጊት በተጨማሪ በሚገኝ አጭር ድርጊት፣ ከ60 ጫማ ርቀት ይደገማል። ዜሮ ነጥብ ላይ ሆኖ ራሱን የሳተ ተዋጊ አንድ ነጥብም ሆነ ሰባት ነጥብ ቢያገኝ እኩል ይነቃል፤ ዋናው ነገር የራሱ ተራ ከመድረሱ በፊት መንቃቱ ነው። በዚያው ተራ ዋናው ድርጊትዎ ነጻ ስለሚሆን «ቪሸስ ሞከሪ»ን መድገም ይችላሉ። በቦነስ አክሽን ድግምት በተደገመበት ተራ ደንቡ በድርጊት እንዲደገም የሚፈቅደው ካንትሪፕን ብቻ ነውና፣ ሁለቱ ተስማምተው ይሄዳሉ።

ሦስተኛው «ዲሶናንት ዊስፐርስ» ይሁን። ትኩረት አይጠይቅም፤ ስለዚህ «ፌሪ ፋየር» ሳይፈርስ ሊደገም ይችላል። ድግምቱን ያልተቋቋመ ጠላት በሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ የሚሰላ ጉዳት ይደርስበታል፤ አማካዩ 10.5 ነው። ከዚህ በላይ ግን የራሱን አጸፋ (ተራው ሳይደርስ የሚያደርገውን አንድ ምላሽ) ተጠቅሞ ከእርስዎ ለመራቅ ይገደዳል። ከተዋጊው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ የነበረ ጠላት በዚህ ሁኔታ ሲሸሽ ተዋጊው የአጋጣሚ ጥቃት ያገኛል፤ ሮጉም አጠገቡ ከነበረ እንዲሁ። አንድ ስሎት (ድግምት ለመድገም የሚወጣ የተወሰነ አቅም) አውጥተው ለሁለት ጓደኞችዎ ተራቸው ሳይደርስ እንዲመቱ ዕድል ሰጡ ማለት ነው።

አራተኛውን ከውጊያ ውጭ ለሚያገለግል ድግምት ይተዉት፤ በተለይ በሥርዓት ሊደገም የሚችል ቢሆን ይመረጣል። በአንደኛ ደረጃ ከረጅም ዕረፍት እስከ ረጅም ዕረፍት ያለዎት ሁለት ስሎት ብቻ ነው። በሥርዓት የሚደገም ድግምት አሥር ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ስሎት አይፈጅም፤ ባርድም የሚያውቀውን እንዲህ ያለ ድግምት በዚህ መንገድ መድገም ይፈቀድለታል። «ኮምፕሪሄንድ ላንጉዌጅስ» ወይም «ዲቴክት ማጂክ» ጥሩ ይሆናል፤ ሆኖም ዊዛርዳችሁ በመጽሐፉ ውስጥ የትኛውን እንደ ጻፈ አስቀድመው ይጠይቁት፤ እሱ ያለውን መድገም ለእርስዎ ትርፍ የለውም።

ጥያቄ፦ በስድብ የሚያጠቃው «ቪሸስ ሞከሪ» የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ብቻ ነው። በየተራው ቀስት ብወረውር አይሻልም?

መልስ፦ ጉዳቱን ብቻ ከቆጠሩ ቀስት ይሻላል። ነገር ግን ድግምቱን ያልተቋቋመ ጠላት ቀጣዩን ጥቃት ሲያደርግ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል፤ ዋጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦግር የተባለውን ግዙፍ ፍጡር እንውሰድ። ለመምታት በዳይሱ ላይ 6 ይጨምራል፤ የመታውን ሰው በአማካይ 13 የሕይወት ነጥብ ያሳጣዋል፤ በተራውም የሚመታው አንድ ጊዜ ነው። የጦር ልብሱ (እሱን ለመምታት የሚያስፈልገው ቁጥር) 16 የሆነ ጓደኛዎን የመምታት ዕድሉ 55 በመቶ ሲሆን፣ ከተሰደበ በኋላ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ኦግር በአእምሮ ጽናት ደካማ ስለሆነ፣ የድግምትዎ ማለፊያ ቁጥር 13 ቢሆን፣ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን አይቋቋምም። በአንድ ተራ ሦስት ጊዜ በሚመታ ጠላት ላይ ግን የሚበላሸው የመጀመሪያው ምት ብቻ ነው፤ በእንዲህ ያለው ላይ ቀስትዎን ይወርውሩ። የ2024ቱ ማሻሻያ ጉዳቱን ወደ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ከፍ አድርጎታል።

ጥያቄ፦ ባርዴ አምስተኛ ደረጃ ደርሷል። ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዝኩት «ስሊፕ» ብዙ ጊዜ ከጭንቅ አውጥቶናል፤ አሁን ግን የሚተኛልኝ ጠላት እያጣሁ ነው። ልለውጠው ወይስ በከፍተኛ ስሎት ልድገመው? ከሦስተኛው እርከንስ «ሂፕኖቲክ ፓተርን»፣ «ፊር» ወይስ «ዲስፔል ማጂክ» ይሻለኛል?

መልስ፦ ይለውጡት። «ስሊፕ» የሚያስተኛው በአምስት ባለ 8 ገጽ ዳይስ የወጣውን ያህል የሕይወት ነጥብ ነው፤ አማካዩ 22.5 ይሆናል። እያንዳንዳቸው 7 ነጥብ ያላቸውን ሦስት ጎብሊኖች ያለ ምንም የመቋቋም ዕድል ማስተኛት በአንደኛ ደረጃ ውጊያውን መጨረስ ማለት ነበር። በሦስተኛ እርከን ስሎት ቢደግሙት እንኳ አማካዩ ከ40.5 አያልፍም፤ ጉዳት ያልደረሰበት ኦግር ብቻውን 59 ነጥብ አለው። ድግምቱን ስለወደዱት ብቻ ማቆየት በባርድ ላይ ከሌላው አስማተኛ ይልቅ ይከብዳል፤ የያዘው ቦታ ከስምንቱ አንዱ ነውና። በ2024ቱ ደንብ የሚጫወቱ ከሆነ «ስሊፕ» ጠላት በዳይስ የሚቋቋመው ሌላ ዓይነት ድግምት ስለሆነ ይህ ስሌት አይሠራም።

ብዙ ተጫዋቾች የማያስተውሉት አንድ ዕድል ደግሞ አለ። ወደ አምስተኛ ደረጃ ሲያልፉ አንድ አዲስ ድግምት ይማራሉ፤ አንድ አሮጌም ይለውጣሉ፤ ሁለቱም ከሦስተኛው እርከን ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከጠቀሷቸው ሦስት ድግምቶች ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «ሂፕኖቲክ ፓተርን» ይሁን። በእያንዳንዱ ጎኑ 30 ጫማ በሆነ ቦታ ውስጥ ሆነው ድግምቱ የሚፈጥረውን ሥዕል ያዩና ያልተቋቋሙት ሁሉ ፈዝዘው ይቆማሉ፤ በየተራቸው እንደገና የመሞከር ዕድልም የላቸውም። የሚነቁት ጉዳት ሲደርስባቸው ወይም ሌላው ድርጊቱን አውጥቶ ሲቀሰቅሳቸው ብቻ ነው። ከስድስት ጠላቶች አራቱ ከፈዘዙ ቡድናችሁ የሚዋጋው ከሁለት ጋር ነው። ይህ የሚሆነው ግን ጓደኞችዎ ከተስማሙበት ነው፤ ዊዛርዱ በፈዘዙት መካከል «ፋየርቦል» የተባለውን የእሳት ፍንዳታ ቢጥል ሁሉም ይነቃሉ። ከጨዋታው በፊት «እኔ ካፈዘዝኩ በኋላ የቆሙትን አንድ በአንድ እንጨርስ» ብላችሁ ተነጋገሩ።

«ፊር» ጠላት በእጁ የያዘውን ጥሎ እንዲሸሽ የሚያደርግ ግሩም ድግምት ነው፤ ሆኖም እሱም ትኩረት ስለሚጠይቅ ከ«ሂፕኖቲክ ፓተርን» ጋር ለአንድ ሥራ ይሻማል። ሁለተኛው ምርጫዎ የተደገመን ድግምት የሚያፈርሰው «ዲስፔል ማጂክ» እንዲሆን የምንመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በውጊያ ብቻ ሳይሆን በድግምት በተዘጋ በር ወይም በድግምት በተያዘ ጓደኛ ላይም የሚያገለግል ሲሆን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ባርድ ባልሠለጠነባቸው ሙከራዎች ላይ የሚጨምረው የብቃት ቁጥሩ ግማሽ እዚህም ይቆጠርለታል።

ጥያቄ፦ ሰሚው የቀረበለትን ሐሳብ እንዲፈጽም የሚያደርገውን «ሰጀስሽን»ን በደገምኩ ቁጥር ታሪኩን ከሚመራውና ደንቡን ከሚዳኘው የጨዋታው መሪ ጋር እንከራከራለን። ለጠባቂው «ቁልፉን ስጠኝና ሂድ» ስለው፣ መሪያችን «ይህ ምክንያታዊ አይደለም» ብሎ ይከለክለኛል። ድግምቱን ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፤ የጨዋታው መሪ ግን እውነት አለው። ድግምቱ የሚጠይቀው በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚገለጽና ለሰሚው ምክንያታዊ መስሎ የሚታይ ሐሳብ ነው። ያሉት ነገር ትእዛዝ እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ ጠባቂው ለምን እንደሚሄድ የሚነግረው ነገር የለውም። በዚያው ቦታ እንዲህ ቢሉትስ፦ «ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ ደክሞሃል፤ ተረኛው እስኪመጣ ቁልፉን እኔ ልያዝልህና ወደ ማረፊያህ ገብተህ ጋደም በል።» የሚፈለገው ውጤት ያው ነው፤ ጠባቂው ግን ለራሱ የሚነግረው ምክንያት አግኝቷል። እንዲህ ያለውን አነጋገር የጨዋታው መሪ ለመከልከል ይቸገራል፤ ጨዋታውም ያምራል። ባርድ የሆኑበት ምክንያት ይህ አይደለምን? በ2024ቱ ደንብ ሐሳቡ ከ25 ቃላት እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ሊፈጸም የሚችል መስሎ መሰማት እንዳለበትና በሰሚውም ሆነ በወዳጆቹ ላይ በግልጽ ጉዳት የሚያደርስ ሊሆን እንደማይችልም ተደንግጓል።

ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። ድግምቱ እስከ ስምንት ሰዓት ሊቆይ የሚችለው ትኩረትዎን ይዞ ነው፤ ጠባቂው ተኝቶ ሳለ ውስጥ ገብተው «ፌሪ ፋየር» ቢደግሙ ጠባቂው ወደ ልቡ ይመለሳል። ሁለተኛም ድግምቱ በድምፅ የሚደገም ስለሆነ በሰው መካከል በስውር ሊሠራበት አይችልም። ሰውን ለጊዜው ወዳጅ የሚያደርገው «ቻርም ፐርሰን» በአንጻሩ ትኩረት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ድግምቱ ሲያበቃ ሰውየው እንደተደገመበት ያውቃል። ነገ ተመልሰው ለሚያገኙት ነጋዴ ወይም ሹም ይህን ድግምት ባይጠቀሙ እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ባርዴ «ኮሌጅ ኦፍ ሎር» የተባለው የባርዶች ዘርፍ ነው፤ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ስለደረሰ ከማንኛውም ገጸ ባሕርይ ዝርዝር ሁለት ድግምት እንዲማር ተፈቅዶለታል። ጓደኞቼ «ፋየርቦል» ውሰድ ይላሉ። አንድ ቀደም ብሎ ይጫወት የነበረ ዘመዴ ደግሞ ባርድ ደካማ አስማተኛ ስለሆነ በድግምት ላይ ብዙ አትድከም ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዘመድዎ የሚናገሩት ስለ ሌላ ዘመን ባርድ ነው። ባርድ በዚህ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም እንኳ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው የድግምት እርከን ስድስተኛው ነበር። በ2014ቱ እትም እንደ ዊዛርድና እንደ ክሌሪክ እስከ ዘጠነኛው እርከን ይደርሳል። ምክራቸው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ለእርስዎ ባርድ ግን አይሠራም።

ስለ «ፋየርቦል» የምንጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፦ በቡድናችሁ ውስጥ ይህን ድግምት የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ? ካለ አይውሰዱት። በአማካይ 28 ነጥብ የሚያሳጣ ጥሩ ድግምት ቢሆንም፣ ሌላው በደንብ የሚሠራውን ሥራ ለመድገም እንዲህ ያለውን ብርቅ ዕድል ማውጣት ያሳዝናል። በቡድናችሁ ውስጥ ብዙ ጠላትን በአንድ ጊዜ የሚመታ ማንም ከሌለ ግን ጓደኞችዎ ልክ ናቸው፤ ይውሰዱት።

በእኛ ግምት የመጀመሪያው ምርጫ «ካውንተርስፔል» ነው፤ የጠላትን ድግምት ገና ሲደገም በአጸፋ ያከሽፋል። አጸፋን እንጂ ድርጊትንም ቦነስ አክሽንንም አይነካም፤ ትኩረትም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከያዟቸው ሌሎች ድግምቶች ከአንዱም ጋር አይጋጭም። የሚከሽፈው ድግምት እርስዎ ካወጡት ስሎት በላይ ሲሆን ዳይስ መጣል ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይም ያ የብቃት ግማሽ ስለሚጨመር፣ እኩል ችሎታ ካለው ዊዛርድ ይልቅ ባርድ ጥቂት ይሻላል። ሆኖም የኮሌጅዎ መለያ የሆነው፣ የጠላትን ዳይስ በንግግር የሚያሳንሰው ችሎታም በአጸፋ የሚሠራ ነው፤ በአንድ ዙር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይጠቀማሉ። በ2024ቱ ደንብ «ካውንተርስፔል» ጠላት በኮንስቲትዩሽን የሚቋቋመው ሆኗል፤ በስድስተኛ ደረጃ የሚመርጡባቸው ዝርዝሮችም የክሌሪክ፣ የድሩይድና የዊዛርድ ብቻ ናቸው።

ለሁለተኛው ቦታ የቡድናችሁን ጉድለት ይመልከቱ። ፈዋሽ የሌላችሁ ከሆነ የፓላዲን (የቅዱስ ተዋጊ) ድግምት የሆነውን «ኦራ ኦፍ ቫይታሊቲ» እንመርጥልዎታለን። ለአንድ ደቂቃ ያህል በየተራው በቦነስ አክሽን ለአንድ ሰው በሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ የሚወጣውን ያህል ነጥብ ይመልሳል፤ እስከ መጨረሻው ከተጠቀሙበት አሥር ጊዜ ማለት ስለሆነ በአማካይ 70 ነጥብ ይደርሳል። ከአንድ የሦስተኛ እርከን ስሎት ይህን ያህል ፈውስ የሚያስገኝ ሌላ ነገር በባርድ ዝርዝር ውስጥ የለም። በውጊያ መካከል ትኩረትዎን ስለሚይዝ ለዚያ አይመከርም፤ ውጊያው ካበቃ በኋላ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል በር ከመክፈታችሁ በፊት፣ ሁሉም በአጠገብዎ ተሰብስበው ሳለ ይድገሙት። ፈዋሽ ካላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ከመወሰንዎ በፊት ጓደኞችዎን «ባለፉት ጨዋታዎች ምን አጥተን ተቸገርን?» ብለው ይጠይቋቸው።